ቦሩም ማፏጨት የተማረችበት ጸደይ

ማልሱንን ሳላመሰግን ይህን ታሪክ ብጀምር ነውር ይሆንብኛል። አሁን ጆሮዋ ደክሟል፤ ብጮህላትም ግማሹን ብቻ ነው የምትሰማው። ጽሑፍ ግን ይቆያል፣ አንዱ ቀስ ብሎ ያነብላት ይሆናል። በዚያ ጸደይ እሷ ባትኖር የልጅ ልጄ ቦሩም ዛሬ የት እንደምትሆን እኔ አላውቅም።

እኛ የጄጁ ደሴት ጠላቂ ሴቶች እንጀራችን ከባሕር ሥር ነው። ትንፋሻችንን ይዘን እንወርዳለን፤ ቀንድ አውጣውን፣ የባሕር ጃርቱን፣ ዕድል ከቀናን ደግሞ ዓለት ላይ እንደ ሙጫ የሚጣበቀውን ጆንቦክ የሚባለውን ውድ ባለዛጎል በብረት ፈልቅቀን እንወጣለን። ስንወጣ እናፏጫለን። ለጨዋታ እንዳይመስላችሁ፤ ታምቆ የቆየው ትንፋሽ በከንፈር መሃል ሲያመልጥ የሚያሰማው ድምፅ ነው። ከመካከላችን የቹንጃ ፉጨት ዘይት እንዳልነካው በር ሲጢጥ ይላል። የማልሱን ረጅምና ቀጭን ነው። የኔ ሙሾ ይመስላል ይሉኛል። ማዕበል ባለበት ቀን ዓይን አይረዳም፣ ሰው ከውሃው ጀርባ ይጠፋል፤ እርስ በርስ የምንጠባበቀው በጆሮ ነው። የአንዷ ፉጨት ከቀረ ሥራ ይቆማል።

ቦሩም ያኔ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነበር። እናቷ፣ የኔ ልጅ ጆንግሲል፣ ከተማ ሆቴል ውስጥ ወጥ ቤት ትሠራለች። አባትየው ወደ ዋናው ምድር ተሻግሮ እዚያው ቀርቷል። ስለዚህ ልጅቷ እኔ ዘንድ ነው ያደገችው። ባሕር ትወዳለች፤ ባሕሩ ግን እሺ አላላትም። ገና ጭንቅላቷን ከመንከሯ ዓይኗ ፈጥጦ ትወጣለች። እኩዮቿ "ዶሮ" ይሏት ነበር፣ ውሃ የነካት ዶሮ። እናቷ ግን በዚህ ልቧ ያርፋል። በደወለች ቁጥር፣ ትንፋሽ ከሌላት እሰየው፣ ትምህርቷን ትጨርስና እኔ ዘንድ ትምጣ፣ ባሕር ከኛ ቤት የወሰደው ይበቃዋል ትለኛለች።

የነፋሷ አያት የምንላት መንፈስ ዮንግዱንግ በዓመት አንዴ ደሴታችንን ጎብኝታ በምትመለስበት ሰሞን ቦሩምን ትኩሳት ጣላት። ላቧ ፍራሹን አልፎ ወለሉን አራሰው። በኋላ አንድ ጠዋት ድንገት ተነሣችና ራበኝ አለች። እኔም ተመስገን ብዬ ሩዝ ጣድኩ።

ከዚያ ወዲህ አንዳንድ ነገር ታዘብኩ። ትኩስ ሾርባ እፍ ማለት ትታለች። ከትምህርት ቤት ዳገቱን ሲወጡ ሌሎቹ ልጆች ያለከልካሉ፣ እሷ ወሬዋን ሳታቋርጥ ትመጣለች። ጉልበት እየገባት ነው፣ ዕድሜ ነው አልኩ። ሰው ካጠገቡ ያለውን ነገር እንደሚመቸው አድርጎ ነው የሚያየው።

እውነቱን የነገረችኝ ኋላ ነው። ፀጉሯን ልትታጠብ ጭንቅላቷን ሳፋ ውስጥ ነክራ፣ አስቸጋሪ የሂሳብ ጥያቄ እያሰላሰለች ቀና ማለት ረሳች። ጥያቄውን ጨርሳ፣ መልሱን አግኝታ፣ ያኔ ነው እንዳልተነፈሰች ትዝ ያላት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስትፈልግ ትተነፍሳለች፣ ስትረሳ አትተነፍስም፤ ሰውነቷ ለሁለቱም ግድ የለውም። ክፍል ውስጥ አጠገቧ የምትቀመጠው ልጅ ደረቷ እንደማይንቀሳቀስ እንዳታይባት፣ እያስታወሰች ትንፋሽ ስትስብ ትውላለች። ሰው ሁሉ ሳያስበው የሚያደርገውን እያሰቡ ማድረግ ከሂሳብ ትምህርት ይልቅ አድክሟት ነበር። ለማንም አልተነፈሰችም። እኔን የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ባሕሩ ለሥራ ሲከፈት ከናንተ ጋር ልግባ።

የጠላቂዎቹ አለቃ ማልሱን ናት፣ እሷን ጠየቅኩላት። ማልሱን በቀላሉ እሺ የምትል ሴት አይደለችም። ልጅቷን ከእግር እስከ ራሷ አየቻትና፣ ጀማሪዎች በሚሠሩበት ዳርቻ እንድትቆይ፣ ከጥቁሩ ዓለት ወዲያ እንዳታልፍ አስጠንቅቃ ፈቀደችላት። ጀማሪ ፉጨቱ ገና ስለማይወጣላት ከውሃ ብቅ ባለች ቁጥር "አለሁ" ብላ መጣራት አለባት። ቹንጃ ከጎን ሆና፣ ዶሮዋ ልትዋኝ ከሄደች እንቁላሉን ማን ሊታቀፍ ነው አለች። ሳቅን። ቦሩም ግን አልሳቀችም፤ ደስ ብሏት ነበር።

ባሕሩ የተከፈተው ሰማዩ የደመነ ጠዋት ነው። የላስቲክ ልብሳችንን ለብሰን፣ ወደ ታች የሚስበንን የእርሳስ ቀበቶ ታጥቀን፣ ብርቱካንማ ተንሳፋፊያችንን እየገፋን ገባን። በየተንሳፋፊው ሥር የያዝነውን የምንከትበት መረብ ተንጠልጥሏል። ቦሩምን ዳር ላይ ትቼ ወደ ሥራዬ ሄድኩ። ከኋላዬ "አለሁ" ይሰማኛል። እጠልቃለሁ፣ እወጣለሁ፣ "አለሁ" ትላለች። ቹንጃ እያሾፈች፣ "አወቅን እኮ፣ አለሽ" ትላታለች። እንደዚህ ያለ ደስ የሚል ጠዋት ነበር።

ከዚያ "አለሁ" ቀረ።

መጀመሪያ የነቃችው ማልሱን ናት። ገና ከጥልቁ መውጣቷ ነበር፣ ፊቷ እንደቀላ። እጇን አነሳች፤ እኛም ዝም አልን። የቦሩም ተንሳፋፊ ጥቁሩ ዓለት ዘንድ ብቻውን ይዋልላል። ስሟን ጠራሁ። ቹንጃም ጠራች። ውሃ ብቻ።

ትንፋሽ ሳይመለስ እንደገና መጥለቅ ክልክል ነው። ይህን ሕግ ለልጆች ሁሉ የምታስተምረው ራሷ ማልሱን ናት። ግን ለዓለቱ ከሁላችንም የምትቀርበው እሷ ነበረች። እኔ እጄ እስኪዝል እየቀዘፍኩ ስመጣ፣ እሷ ወረደች፣ ወጣች፣ ሳታርፍ ደግማ ወረደች። ከዚያ ፉጨቷ ቀረ።

ታች የሆነውን ቦሩም ናት የነገረችን። ዓለቱን አልፋ ከጥልቁ ወለል ላይ ተቀምጣ ነበር። በሕይወቷ አይታው የማታውቀውን ነገር ታያለች፤ አንድ ኦክቶፐስ ደጃፉ ላይ ጠጠር እየለቀመ ይደረድራል፣ አንዱ ሲንከባለልበት ተመልሶ ያመጣዋል። ትንፋሽ የሚያስቸኩለው ሰው ይህን ጨርሶ ሊያይ አይችልም። እሷ ግን ማን አስቸኩሏት፤ ሰዓቱን ረሳች። ቀና ስትል ማልሱን ከላይ እየወረደች ነው። የተከለከልኩትን ዓለት አልፌ ተያዝኩ፣ ልትቆጣኝ መጣች ብላ አሰበች። ምን አደረገች መሰላችሁ? ረጃጅሙ የባሕር ቅጠል ውስጥ ገብታ ተደበቀች።

ማልሱን እዚያው ቅጠል አጠገብ ወዲያና ወዲህ ስትል ቦሩም ድምፅ ሳታሰማ ታያታለች። ልክ ቤት ውስጥ አልጋ ሥር ተደብቆ የእናቱን እግር እንደሚያይ ሕፃን። ማልሱን ወጣች። ቦሩም እፎይ አለች። ማልሱን ተመልሳ መጣች። አሁን እጇ ዝሏል፤ ቅጠሉን የምትገልጠው እንደ ዕውር በመዳበስ ነው። ትንፋሽ አልቆባት ውሃውን የሳበች ሴት ምን እንደምትመስል ቦሩም አይታ አታውቅም፤ ግን የማልሱን አፍ ሲከፈት ገባት።

ቀበቶዋን ፈታችላት፣ በብብቷ ሥር ይዛ አወጣቻት።

ቹንጃና እኔ ተቀበልናቸው። የማልሱን ከንፈር ሰማያዊ ሆኗል። ተንሳፋፊው ላይ አስተኛናት፣ ጀርባዋን ደበደብን፤ ውሃውን ተፋች፣ አሳላት፣ በመጨረሻም ፉጨት መሰል አንድ የተሰበረ ድምፅ ወጣት። ያን ድምፅ እስከ ዕለተ ሞቴ አልረሳውም። ተመስገን እያልኩ አለቀስኩ። ከዚያ ዞር ስል ሴቶቹ ሁሉ ቦሩምን ያያሉ። ያን ሁሉ ጊዜ ከሥር ቆይታ፣ ትልቅ ሴት ተሸክማ ወጥታ፣ ደረቷ አይንቀሳቀስም። አታለከልክም። አፏ ተዘግቷል። ከሴቶቹ አንዷ ተንሳፋፊዋን ቀስ አድርጋ ከልጅቷ አራቀች።

ማልሱንን ቤቷ አስተኝተን ስንመለስ ቦሩም ከኔ ቀድማ በር ደረሰች። ጫማዋን ሳታወልቅ ደፉ ላይ ቁጭ አለችና ሁሉንም ነገር ነገረችኝ፤ ሳፋውን፣ ክፍሉን፣ ቅጠሉን። ስትጨርስ ቀና ብላ አየችኝ።

"እማማ፣ ምናልባት በዚያ ትኩሳት ሞቼ ይሆን እንዴ?"

እጄን ደረቷ ላይ አደረግኩ። ልቧ እንደ ከበሮ ይመታል።

"የሞተ ሰው የኔን ሩዝ እንደዚህ አይጨርስም" አልኳት።

ሳቀች፣ ከዚያ አለቀሰች፣ ከዚያ እንደገና ሳቀች። በነጋታው ሴቶቹ እንደሚሰበሰቡ ሁለታችንም እናውቅ ነበር። የፈራችው ሌላ አልነበረም። "እናንተ ካባረራችሁኝ" አለችኝ፣ "ከተማ ሄጄ ሆቴል ውስጥ ሳህን እያጠብኩ፣ ትንፋሼን እያስመሰልኩ ነው የምኖረው። እዚህ ግን ባሕር ውስጥ ማስመሰል የለብኝም።"

የምንሰበሰበው ባሕሩ ዳር ባለው የድንጋይ ክብ ውስጥ ነው። ጣራ የለውም፤ መሃሉ ላይ እሳት ይነዳል፣ ልብስ የምንቀይረውም የምንከራከረውም እዚያ ነው። ጢሱ የማይነካው ወገን የጎበዞቹ ነው፣ ጢስ የሚበላው ወገን የጀማሪዎቹ። ቦሩም የትምህርት ቤት ልብሷን እንደለበሰች መግቢያው ላይ ቆመች። ቁጭ በይ ያላት የለም። እኔ ዘመድ ስለሆንኩ መናገር አይገባኝም ነበር፤ ዝም ማለት እንደዚያ ቀን ከብዶኝ አያውቅም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከዓመታት በፊት አንድ ሰው የአየር ሲሊንደር ሊሸጥልን መጥቶ ነበር። በጀርባ ተሸክመሽ ውሃ ሥር እንደልብሽ ትሠሪያለሽ አለን። ሴቶቹ ተመካክረው አባረሩት። አንዷ በሲሊንደር ከገባች ለሌላዋ ምን ይተርፋል? ለከርሞስ ምን ይበቅላል? በደሴታችን ሰው ከባሕር የሚወስደው ትንፋሹ የፈቀደለትን ያህል ነው፤ ከዚያ በላይ መውሰድ ስርቆት ነው። እንግዲህ አሁን ጥያቄው እሱ ሆነ።

"ልጅቷ ራሷ ሲሊንደር ናት" አለች ቹንጃ። ሁልጊዜ የምትቀልደው ሴት አሁን አልቀለደችም። "እወዳታለሁ፣ በእጄ ነው ያደገችው። ግን ሕጉ ሕግ ነው።"

ሌላዋ፣ ከፈለገች ባሕሩን በአንድ ክረምት ትጠርገዋለች አለች። ሌላዋ፣ የነፋሷ አያት የሰጠቻትን እኛ ማን ነን የምንነጥቃት አለች። ከወዲያ ግን፣ ያ ሁሉ ቀርቶ ማልሱንን ልትገድላት አልነበረም ወይ ተባለ። በዚህ መሃል የመንደሩ ሊቀመንበር ከውጭ ድንጋይ ላይ ቆሞ ራሱን በግንቡ አናት ላይ አወጣና፣ የቴሌቪዥን ሰዎች ቢጠሩ መንደሩ ስም ያገኛል ብሎ ጀመረ። ሴቶች ልብስ የሚቀይሩበት ግንብ ላይ ምን ትሠራለህ በሚል ዓይን ማልሱን ስታየው፣ ጭንቅላቱ እንደወጣ ገባ። ድንጋዩ ተንከባለለ፤ አወዳደቁን ሰማን። ያን ጊዜ እንኳን የሳቀ አልነበረም።

ማልሱን እስከ መጨረሻው ዝም ብላ ነበር። ጨው ጉሮሮዋን ስለላጠው ድምጿ ሻክሯል። ቦሩምን በእጇ ጠራቻት፤ ልጅቷ መጥታ ፊቷ ተንበረከከች። ስንት ሰዓት መቆየት እንደምትችል፣ ምን ያህል ጥልቅ መውረድ እንደምትችል እንድትጠይቃት ሁላችንም ጠብቀን ነበር።

"ስትደበቂ ምን አሰብሽ?" አለቻት።

"ይቆጡኛል ብዬ ነው፣ ሳምቹን።" በደሴታችን ታላላቆቻችንን ሁሉ ሳምቹን ነው የምንለው።

"ልቆጣሽ ብመጣ ትንፋሼን እዚያ እጨርስ ነበር? ከላይ ሆኜ እጠብቅሽ ነበር እንጂ።"

ቦሩም አንገቷን ደፋች። እንባዋ ጉልበቷ ላይ ጠብ ጠብ አለ።

"እኔን እይኝ" አለች ማልሱን። "ትንፋሽሽ ያንቺ ጉዳይ ነው፤ ማን እንደሰጠሽ እኔ አላውቅም። ፉጨትሽ ግን የኛ ነው። ውሃ ሥር መቆየት ብትችዪም ቹንጃ ስትወጣ ትወጫለሽ። ባይደክምሽም አያትሽ ስታርፍ ታርፊያለሽ። ጀማሪ የሚይዘውን ያህል ትይዣለሽ። ታፏጫለሽ። ይህን ከቻልሽ ሲሊንደር አይደለሽም። ካልቻልሽ ግን በራሴ እጅ ነው የማስወጣሽ።"

ከዚያ ወደ ሴቶቹ ዞረች። የሰመጥኩት እኔ ነኝ፣ የሚከፋው ካለ እኔ ነኝ መከፋት ያለብኝ አለቻቸው። ቹንጃ ረጅም ጊዜ እሳቱን አየች። በመጨረሻ ጢሱ ወዳለበት ወገን ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችና፣ ቁጭ በይ እንጂ ምን ያስቆምሻል አለቻት። ቦሩም ተቀመጠች። ጢሱ ዓይኗን ለበለበው፤ አልተነቃነቀችም። ማልሱንን በልቤ ያመሰገንኩት ያኔ ነው፤ በአፌ ግን አልነገርኳትም።

የቀረው ፉጨቱ ነው። ቀላል መስሎን ነበር። የኛ ፉጨት ግን የሚወጣው ሰውነት አየር አምጡልኝ ብሎ ሲጮህ ነው፤ የእሷ ሰውነት ምንም አይልም። ስለዚህ ከባዶ መማር ነበረባት። ግቢ ውስጥ፣ መንገድ ላይ፣ ሽንኩርት እየላጠች ታፏጫለች። ቹንጃ ባለፈች ቁጥር ቆማ ትሰማና ፍርድ ትሰጣለች፤ አንድ ቀን የታመመች ፍየል፣ አንድ ቀን ውሃው ያለቀበት ማንቆርቆሪያ። ጎረቤታችን ያሉት ሽማግሌ ደግሞ ቤቴ ውስጥ አይጥ ገባ ብለው ድመት ሊበደሩ መጡ። ማልሱን እየተኮሳተረች በየቀኑ ማታ ማታ ቦሩም ልብስ ስታሰጣ ትመጣና ከንፈሯን እንዴት እንደምታሞጠሙጥ፣ ምላሷን የት እንደምታሳርፍ ታሳያታለች። ለገዛ ልጆቿ እንኳን እንዲያ ስትታገስ አላየኋትም።

ቦሩም እንደገና ባሕር የገባች ቀን ሁላችንም ጆሯችንን አቁመን ነበር። ቹንጃ ስትወጣ ትወጣለች። እኔ ስወጣ ትወጣለች። ማልሱን ስታርፍ ተንሳፋፊዋን አቅፋ ታርፋለች። በየመሃሉ ያቺን ቀጭን፣ ትንሽ የምታዛባ ፉጨቷን ታሰማለች። ገና ወርዳ ሥራ ሳትጀምር አንዳችን ስለምንወጣ ደግሞ ትከተለናለች። እናቷን የምትከተል ጫጩት አይታችኋል? እንደዚያ።

ስንወጣ መረባችንን ዳር ላይ ገለበጥን። የማልሱን ተራራ አከለ። የቹንጃም ደህና ነው፣ የኔም አያሳፍርም። ቦሩም መረቧን ገለበጠች፤ ሁለት የባሕር ጃርትና አንዲት የጥፍር ያህል ቀንድ አውጣ ወጡ። ቀንድ አውጣዋም ያልደረሰች ስለነበረች መመለስ ነበረባት። ልጅቷ ጃርቶቹን ብቻ መልሳ ከተተች።

ማልሱን በአጠገቧ አለፈች። ዞር ብላ እንኳን ሳታያት ከራሷ መረብ ሁለት ትልልቅ ቀንድ አውጣዎች አውጥታ የቦሩም መረብ ውስጥ ጣለች። ቹንጃ ተከትላ መጣች፣ አንድ ጣለች። ከዚያ ሌላዋ። ተንሳፋፊዋን ያራቀችው ሴት ቆም ብላ መረቧን ፈተሸችና ከሁሉ የሚበልጠውን መርጣ ጨመረች። ይህ ጥንት የነበረ ነው፤ ባሕሩ ላልሰጣት፣ ለጀማሪና ለደካማ ሴት እንዲህ ይጨመርላታል፣ ምስጋናም አይጠበቅም። እኔም ተራዬ ሲደርስ ጨመርኩ።

ቦሩም ከማልሱን ኋላ ሮጠች። "ሳምቹን፣ እኔ እኮ ብፈልግ…"

"ብትፈልጊ ምን?"

ልጅቷ አፏን ከፈተች፣ ባሕሩን አየች፣ ሴቶቹን አየች። ማልሱን መረቧን ትከሻዋ ላይ እያስተካከለች ጠበቀቻት።

"ምንም" አለች ቦሩም።

"እንግዲያው ያዢ፤ ሳይሞት አፍልተሽ ብዪው።"

እኔ በሕይወቴ ብዙ ነገር ተሰጥቶኛል፤ ጆንቦክ፣ ልጆች፣ እስካሁን የሚንቀሳቀስ ጉልበት። ከሁሉ የበለጠ ግን የዚያች ቀን ቀንድ አውጣ ነው የማመሰግንበት። ለልጄ ልጅ ማንም ያልተሰጠው ነገር ተሰጥቷታል፤ እነሱ ግን እንደ ማንኛዋም ልጅ እጇን ሞሉላት።

ቤት ሳንገባ ሱቁ ጋ ቆመንና ወደ እናቷ ደወለች። እኔ መረቡን ይዤ ከጎኗ ቆሜያለሁ። ስለ ትንፋሿ ከዚያ በፊት ነግራት ስለነበር ጆንግሲል ስትሠጋ ሰንብታለች፤ በየቀኑ ነይልኝ ትላታለች። አሁን ግን ቦሩም ሰላምታም አላስቀደመችም።

"እማዬ፣ ዛሬ መረቤ ውስጥ ጨመሩልኝ።"

ጆንግሲል የጠላቂ ልጅ ናት፤ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለች። ወጥ ቤቱ ውስጥ ሳህን ሲንኳኳ እኔ ድረስ ተሰማኝ።

"ማልሱንም?" አለች በመጨረሻ።

"መጀመሪያ እሷ ናት።"

ከዚያ ልጄ፣ ያን ሁሉ ዓመት ባሕር ስትረግም የኖረችው ልጄ፣ ውሃው ገና ቀዝቃዛ ስለሆነ ወፍራሙን ካልሲ እንድልክልሽ እግርሽ ስንት ቁጥር ደርሷል ብላ ጠየቀቻት።